ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፦ በምሥራቅ ጎጃም አንድ 5ኛ ክፍል ውስጥ ሰላምንና ዓለም አቀፍ ዜግነትን የማስተማር የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ2015 የትምህርት ዘመን ሁለተኛ መንፈቅ የተከናወነን የማስተማር ሥራ ነው። የትምህርት ቤቱ፣ የመምህርቷና የልጆቹ ስም ሆን ተብሎ ተትቷል፤ ከዚህ በታች የሚተረከው የውኃ ጠብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በመሆኑ፣ ቀበሌው ከተጠቀሰ ማን ማንን እንደ ፈነከተ ለመለየት አያዳግትም። ትምህርት ቤቱን የማውቀው በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ እያስተማርሁ፣ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራንን ስከታተል ነው። የክፍሉን ሥራ በከፊል ተቀምጬ ተመልክቻለሁ፤ የቀረውን ከመምህርቷ ማስታወሻ እንዲሁም ከርእሰ መምህሩና ከወላጆች ጋር ካደረግኋቸው ውይይቶች ወስጃለሁ።

ከጉዳዩ የወጣው ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ሰላም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚገባው፣ ልጁ ራሱ ወገን የያዘበት፣ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚለካ ጠብ ሲቀርብለት ነው። የሩቅ አገርን ሰው እንደ ራሱ ሰው አድርጎ ማየት የሚጀምረውም የገዛ ሙግቱን ከዚያ ሰው አፍ ሲሰማው ነው።

ትምህርቱ በወረቀትና በሰሌዳ ላይ

በ2015 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዐት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ የተባለ ራሱን የቻለ ትምህርት ይዞ መጥቷል፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የዜግነት ትምህርት ይቀጥላል። በቀድሞው ሥርዐት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ራሱን ችሎ የሚጀምረው ከ5ኛ ክፍል ስለ ነበር፣ ለውጡ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ ትንንሾቹን ልጆች ከመጀመሪያው የሚያቅፍ ነው። ከአገር ውጭ ያለውም ቃል ኪዳን አልጎደለም። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 ላይ ትምህርት ልጁን በመግባባት፣ በሰላምና በመቻቻል መንፈስ ለኃላፊነት ማዘጋጀት እንዳለበት ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦችም በግብ 4 ንዑስ 7 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ሁሉ የሰላምን ባህልና የዓለም አቀፍ ዜግነትን ዕውቀት እንዲያገኙ ይጠይቃሉ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ይህን ትምህርት በሦስት ይከፍለዋል፤ ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መጋራት እና ማድረግ።

በምናወራለት ትምህርት ቤት ከሦስቱ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነበር፤ እርሱም ጎዶሎ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሰላም ማለት…» ተብሎ ይጻፋል፤ ከ60 የሚበልጡ ልጆች፣ በአንድ ዴስክ ሦስትም አራትም ሆነው፣ ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይ ያንኑ ይመልሳሉ። የሰላም ክበብ አለ። የክበቡ ሥራ በዓለም አቀፉ የሰላም ቀን፣ ማለትም መስከረም 11 አካባቢ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዐት ላይ ግጥም ማንበብና ግድግዳ ላይ ነጭ ርግብ መሣል ነው። (ለገበሬ ልጅ ርግብ ማለት የተዘራ ማሳ ላይ እህል የምትለቅም፣ በወንጭፍ የምትባረር ወፍ ናት፤ ሥዕሉን የመረጠው ሰው ይህን ያሰበበት አይመስለኝም።) ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ግብረ ገብ የሚያስተምሩት እጆች አርጩሜ ይይዙ የነበረ መሆኑ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት ነጻ ያደርጋል፤ የሚደበድብ መምህር ስለ ሰላም ሲናገር ልጁ የሚማረው ጉልበት ያለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ጠቡ

ከትምህርት ቤቱ በላይ ከሚገኝ ምንጭ የሚነሣ፣ ኋላ ወደ ጨሞጋ የሚገባ አንድ ጅረት አለ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባሉት ሁለት ጎጦች ከዚህ ጅረት በየተራ ቦይ እየከፈቱ በበጋ ድንች፣ ሽንኩርትና ጥቂት ገብስ በመስኖ ያለማሉ። ተራውን የሚያስጠብቀው በአካባቢው የውኃ አባት የሚባለው፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ሰው ነው። ሥርዐቱ የቆየና የተከበረ ነበር፤ የተናጋው ላይ ሰፈር ሁለት ገበሬዎች የውኃ መሳቢያ ሞተር ከገዙ በኋላ ነው። ቦይ ተራ ይዞ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሞተር ግን ሌሊትም ይስባል፣ ተራ የሚያሳየው ምልክትም የለውም። የካቲት ላይ ታች ሰፈር ያለው ድንች መጠውለግ ጀመረ፤ አዋቂዎቹ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በገበያ መወቃቀስ ያዙ።

ልጆቹ ጠቡን ከየቤታቸው ይዘው መጡ። በመጀመሪያ ዴስክ ተለያዩ። ከዚያ የታች ሰፈር ልጆች ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ከላይ ድንጋይ ይወረወርባቸው ጀመር፤ እነርሱም በወንጭፍ መለሱ። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ራሱን ተፈንክቶ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ በተለመደው መንገድ ተንቀሳቀሰ። ጥፋተኛ የተባሉት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዐት ላይ ወጥተው ተንበረከኩ፣ ተገረፉ፣ ወላጅ አምጡ ተባሉ፤ በመጨረሻም «በሉ ተቃቀፉ፣ ይቅር ተባባሉ» ተብለው በተማሪው ሁሉ ፊት ተሳሳሙ። በሳምንቱ ድንጋዩ እንደገና ተወረወረ። ርእሰ መምህሩ ይህን ሲነግሩኝ የተቆጡት በልጆቹ ክፋት ነበር። እኔ ደግሞ ከተገደደ መተቃቀፍ ሌላ ምን ሊጠበቅ ይችል እንደ ነበር አልታየኝም፤ ውኃው አሁንም ታች አልደረሰም፤ የተፈነከተው ልጅም ምን እንደ ደረሰበት እንዲናገር ማንም አልጠየቀውም።

መምህርቷ የጀመረችው

የክፍሉን ግብረ ገብና አካባቢ ሳይንስ የምታስተምረው አንዲት መምህርት ናት። ሥራዋን የጀመረችው ከግብረ ገብ ሳይሆን ከአካባቢ ሳይንስ ነው፤ ይህ ምርጫዋ በኋላ ለተገኘው ውጤት ሁሉ ወሳኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። «ማን ጥፋተኛ ነው?» ብላ አልጠየቀችም። «ውኃው የት ነው የሚሄደው?» አለች። ከሁለቱም ሰፈር የተደባለቁ ቡድኖች 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ይዘው ጅረቱ ላይ በተመረጡ ቦታዎች፣ ጀሪካኑ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ ጠዋትና ከሰዓት እየለኩ መዘገቡ። የታች ሰፈር ልጆች ውኃው ሁሉ ሞተሩ ላይ ተይዞ እንደሚቀር እርግጠኞች ነበሩ፤ የላይ ሰፈሮቹ ደግሞ በጋ ስለሆነ ምንጩ ራሱ ደክሟል ይሉ ነበር። ልኬቱ ለሁለቱም አላደላም። ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት ውኃው በግልጽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ባልተነሣበት ሰዓት እንኳ ግን በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው የአፈር ቦይ ብዙ ውኃ ያሰርጋል፤ በተለይ ከብት ረግጦ ባፈረሰው ቦታ። ይህን የቦዩን ነገር አንድም አዋቂ በወቀሳው ውስጥ አላነሣውም ነበር።

ልኬቱ ሁለት ነገር አደረገ። ልጆቹ አንድ ጀሪካን ከሁለት ወገን ይዘው እንዲቆሙ አስገደደ፤ በዚህም ላይ ንግግራቸው ከ«እናንተ ሌቦች» ወደ «ጠዋት ስንት ደቂቃ ወሰደ?» ተሸጋገረ። ስለ ሰላም ትምህርት የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከስሜት እንድንጀምር ይመክራሉ። ይህ ክፍል ያሳየኝ የተቃራኒውን ነው፤ ስሜቱ የጋለ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እጁን የሚያሠራበትና የሚቆጥረው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግብረ ገቡ ክፍለ ጊዜ የተሻገረችው። እዚያም ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁትን ሽምግልና ወሰደች፤ እንዳለ ግን አልወሰደችውም። የወሰደችው ተራ ጠብቆ መናገርን፣ ሌላው ሲናገር አለማቋረጥንና ዋስ መጥራትን ነው። ዋሱ ላይ ያደረገችው ለውጥ ብልኅነት ነበረው፤ እያንዳንዱ ባለጉዳይ ዋሱን የሚጠራው ከራሱ ሰፈር ሳይሆን ከተቃራኒው ሰፈር ነው። የመጀመሪያው ቀን ማንም ዋስ የሚሆነው አልተገኘምና ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በሁለተኛው ቀጠሮ የፈንካቹ ልጅ የዴስክ ጓደኛ የነበረ አንድ የታች ሰፈር ልጅ ተነሥቶ ቆመ።

የተወችው ደግሞ «ስለ ሽማግሌ ብለህ ተው» የሚለውን ጫና ነው። ሽምግልና ትልቅ ሀብት መሆኑን የሚክድ ጎጃሜ የለም፤ ሆኖም ሽማግሌ የሚፈልገው ጠቡ እንዲበርድ ስለ ሆነ፣ ደካማው ወገን ሳይካስ እንዲታረቅ የሚገፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ክፍል የተጎዳው ልጅ ቀድሞ ይናገራል፤ አልታረቅም የማለት መብትም አለው። ሌላም ደንብ ታከለ። መልስ የሚሰጠው ልጅ በመጀመሪያ የባላጋራውን ቃል መልሶ ይናገራል፤ ባላጋራው «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስካላለ ድረስ የራሱን መናገር አይችልም። ቀላል ይመስላል እንጂ ለ11 ዓመት ልጅ እጅግ ከባድ ነው። አንድ የላይ ሰፈር ልጅ «ውኃውን ሌሊት ስትወስዱብን እናቴ አለቀሰች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መልሶ ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ «ሌሊት» የሚለውን ዘለለው። ታች ሰፈሮቹ እየሣቁ አረሙት፤ በዚያ ሣቅ ውስጥ ንቀት አልነበረም።

የተፈነከተው ልጅ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ካሳ ጠየቀ፦ ደብተሩ በደም ስለ ተበላሸ አዲስ ደብተር ይገዛለት፣ የተበላሸውንም ገጽ ፈንካቹ ራሱ ይገልብጥለት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ማለት ይቅር በለኝ እንዲባል አላስገደደም። ደብተሩ ተገዛ፤ ገጹም ተገለበጠ። ሁለቱ ልጆች ጓደኛ አልሆኑም።

ሴቶቹ ልጆች

በዚህ ሁሉ ውስጥ መምህርቷ ዘግይታ ያየችው፣ ለእኔ ግን ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የያዘው የሴቶቹ ልጆች ዝምታ ነው። ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው። ሞተሩ መቼ እንደሚነሣ፣ ቦዩ የት እንደሚሰርግ፣ የትኛዋ እናት ከየትኛዋ ጋር ምንጩ ላይ እንደ ተናቆረች የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በክፍሉ የሽምግልና ሸንጎ ላይ ግን አንዷም አልተናገረችም፤ ሽምግልና ላይ ሴት ስትቀመጥ አይተው አያውቁምና ቦታው የእነርሱ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

መምህርቷ ዕረፍት ሰዓት ላይ ለብቻቸው ሰበሰበቻቸው። ያወሩላት ነገር የጠቡን መልክ ቀየረው። ምንጩ ላይ ከሁለቱም ሰፈር የሚመጡ ልጃገረዶች የየራሳቸው ወረፋ አላቸው። ጀሪካናቸውን በመጡበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ ታናሽ ወንድሟን ያዘለች ትቀድማለች፤ እናቷ አራስ የሆነችም ትቀድማለች። ጠቡ በተፋፋመበት ወቅት እንኳ ይህ ወረፋ አልፈረሰም ነበር። ወንዶቹ ልጆች በድንጋይ ሲፈላለጡ፣ የሁለቱ ሰፈር እኅቶቻቸው በየማለዳው በአንድ ምንጭ ላይ ሰላማዊ የውኃ አስተዳደር ያካሂዱ ነበር ማለት ነው። መምህርቷ ይህን ወረፋ ለመላው ክፍል ያስረዱ ዘንድ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ልጆች ጠየቀች። ያስረዱትም ሰሌዳ ላይ ሳይሆን የክፍሉን ደብተሮች እንደ ጀሪካን መሬት ላይ ደርድረው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሸንጎው ዳኝነት አንድ ወንድ አንዲት ሴት ሆኖ ተደነገገ።

የዓለም አቀፍ ዜግነትን ትምህርት የሚያቅዱ ሰዎች ቢያስቡበት የምለው እዚህ ላይ ነው። ለልጅ የሚሰጠው የሰላም ምሳሌ ሁሉ ከውጭ መምጣት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ፣ ያውም ባልተጠየቁት ልጆች ዘንድ፣ ተቀምጦ ይገኛል።

ዓባይ

ሚያዝያ ላይ አካባቢ ሳይንሱ የአገሪቱ ወንዞች ላይ ደረሰ። መምህርቷ በግቢው መሬት ላይ በአመድ የዓባይን መንገድ ሠራች። ከግሽ ዓባይ ተነሥታ፣ በጣና በኩል አልፋ፣ ጎጃምን ዙሪያውን ከብባ፣ በሱዳን ኻርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር አገናኝታ፣ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ዘረጋችው። 11ዱን የተፋሰሱን አገሮች በድንጋይ አመለከተች። ልጆቹም በመንገዱ ላይ እንደ ጎጃም ገበሬ፣ እንደ ሱዳን የገዚራ ገበሬና እንደ ግብፅ የዴልታ ገበሬ ሆነው ቆሙ።

ለልጆቹ ግብፅ ከዚያ ቀን በፊት ገጽ አልነበራትም፤ በሬዲዮ የምትሰማ፣ ግድባችንን የምትቃወም አገር ብቻ ነበረች። «ዓባይ ከየት ነው የሚፈልቀው?» ስትል «ከእኛ!» አሉ። «እንግዲያ የማን ነው?» «የእኛ! እንደ ፈለግን እናደርገዋለን!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ፤ ላይ ሰፈሩም ታች ሰፈሩም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት የታች ሰፈር ልጅ፣ ከምንጩ ወረፋ አስረጂዎች አንዷ፣ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እንግዲያ ላይ ሰፈሮች እውነታቸውን ነው ማለት ነው?» አለች።

ክፍሉ ተንጫጫ። የላይ ሰፈር ልጆች መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ደስታቸው ግን አልቆየም፤ አንደኛው ወዲያው «እኛ ሙሉ በሙሉ አልዘጋንም እኮ!» ብሎ ተከራከረ፤ ይኸው ክርክሩም ግድቡን በሚመለከት ኢትዮጵያ የምትሰጠው መልስ ነው። የታች ሰፈሮቹ በበኩላቸው ሁለት ወር ሙሉ ሲሉት የኖሩት ነገር፣ ውኃ የእግዜር ነው፣ ከላይ የተቀመጠ ብቻውን አይወስንም የሚለው፣ ከዴልታው ገበሬ አፍ ሊወጣ የሚችል መሆኑን ሰሙ። መምህርቷ ፍርድ አልሰጠችም። ሁለት ጥያቄ ጻፈች፦ ላይ ያለው ሰው ምን ቢያደርግ ታች ያለውን አይጎዳም? ታች ያለው ሰው ምን ቢያገኝ ይበቃዋል?

የልጆቹ መልስ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ከመዝጋት በፊት ይነገረን፣ ሌሊት በድብቅ አይሁን፣ ውኃ ሲያንስ ሁሉም ይቀንስ፣ ቦዩን አብረን እንጥረግ የሚል ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የውኃ አካላት ስምምነት የቆመባቸው መርሖች፣ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ፣ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ መጋቢት 2007 ኻርቱም ላይ የፈረሙት የመርሖች መግለጫም ፍትሐዊ አጠቃቀምንና ጉልህ ጉዳት አለማድረስን ይዟል። ይህን ሁሉ ለ5ኛ ክፍል መናገር አያስፈልግም፤ መምህሩ ግን ማወቅ ይገባዋል፤ የልጁ ሐሳብ የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ መምህር ሐሳቡን አያቋርጠውም።

በማግሥቱ የአፈሩ ነገር መጣ። ልጆቹ ከተሸረሸረ ቦረቦር አፈር አምጥተው በጠርሙስ ውኃ በጠበጡ፤ ሲሰክን ጭቃውን ለኩ። ይህ አፈር በክረምት በዓባይ ተጭኖ ሱዳን ሲደርስ የሮዘሪስንና የሰናርን ግድቦች እየሞላ፣ የገዚራን ቦዮች እየደፈነ ሲያስቸግር የኖረ መሆኑ ተነገራቸው። ወላጆቻቸው በየበጋው በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚሠሩት እርከን የራሳቸውን ማሳ ብቻ ሳይሆን የማያውቁትን የገዚራ ገበሬ ቦይም ሲጠብቅ እንደ ኖረ ሲሰሙ በጣም ተደነቁ። በእኔ አስተያየት ከተሰጡት ትምህርቶች ሁሉ ዓለም አቀፍ ዜግነት የሚለውን ሐሳብ በትክክል የያዘው ይህ የጠርሙስ ጭቃ ነው። ለልጁ መላውን ዓለም ውደድ አይለውም፤ ጎጃም ላይ ያደረግኸው ሱዳን ይደርሳል ይለዋል እንጂ።

አቤቱታው

በሳምንቱ አንድ ወላጅ፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት አባል፣ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ መጡ። «ልጄ ቤት ገብቶ ግብፆችም እውነት አላቸው ይለኛል፤ ለግድቡ ቦንድ የገዛሁት ለዚህ ነው?» አሉ። ስብሰባ ተጠራ።

አቤቱታውን እንደ ድንቁርና ማየት ስሕተት ይሆናል። የሕዳሴው ግድብ ከመጋቢት 2003 ጀምሮ የተገነባው ከዚህ ገበሬ ኪስ በወጣ ገንዘብ ጭምር ነው። የአገሪቱ ሕዝብ ለረጅም ዘመን ከዓባይ ሳይጠቀም የኖረበት ቁጭትም እውነተኛ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ የሁለቱን ወገን ሙግት እኩል መመዘን ገና አይችልም፤ ቤቱ የሚገባው ግማሹን ብቻ ይዞ ነው። መምህርቷ በስብሰባው ላይ የመለሰችው አጭር ነበር። ግብፅና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. የዓባይን ውኃ 55.5 ቢሊዮንና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም ነበር፤ ይህንንም ለክፍሉ አስተምራለች፤ ልጆቹም «ሳይጠሩን?» ብለው ተቆጥተዋል። «ለታች ሰፈር ልጅ ፍትሕ የሚሰጠው ደንብ፣ ኢትዮጵያን ሳይጠሩ መካፈል ግፍ ነው የሚለውም ያው ደንብ ነው፤ አንዱን ጥዬ ሌላውን ማስተማር አልችልም» አለች።

ወላጁ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ስምምነቱ ይህ ሆነ፤ የዓባይ ትምህርት ከ1959ኙ ውል ይጀምር፣ ልጆቹም የተማሩትን ለወላጆቻቸው የሚያስረዱበት አንድ ቀን ይዘጋጅ። የማስረዳቱ ቀን ተደረገ፤ የመጡት ወላጆች ግን አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ፤ ብዙ የጠየቁትም ስለ ዓባይ ሳይሆን ስለ ቦዩ ነው።

ውጤቱ ምን ያህል ነው?

ድንጋይ መወርወሩ ከሚያዝያ በኋላ በእጅጉ ቀነሰ፤ የ5ኛ ክፍል ልጆች ዴስክ ተደባለቀ። ነገር ግን በዚያው ወር የውኃ አባቱና የሁለቱ ጎጥ ሽማግሌዎች ሞተሩ ማታ እንዳይሠራ ወስነው፣ ባለሞተሮቹም ዋስ ጠርተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ገባ። ስለዚህ ሰላሙን ያመጣው ትምህርቱ ነው ማለት አይቻልም። የሽማግሌዎቹ ውሳኔ በልጆቹ ልኬት ላይ ተመሥርቷል የሚል ወሬ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰምቻለሁ፤ የውኃ አባቱን ስጠይቃቸው ግን «ልጆች ሲለኩ አይተናል» ከማለት አላለፉም። ለትምህርቱ በድፍረት ልሰጠው የምችለው፣ ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ዕርቅ በፊት በአንድ ጀሪካን ላይ መሥራት መጀመራቸውን ብቻ ነው።

ያልሠራም ነገር አለ። ከሌላ አገር ልጆች ጋር ደብዳቤ ለመጻጻፍ የታሰበው በመብራትና በኔትወርክ ችግር ተጀምሮ ቆመ። የጎረቤት ክፍል መምህር ሸንጎውን ለመቅዳት ሞክሮ ልጆቹን በሌሎች ፊት የሚያሳፍር ፍርድ ቤት አደረገው፤ ልኬቱን ሳይጀምር ወደ ሙግቱ ስለ ዘለለ ይመስለኛል። ዓመቱ ማብቂያ ላይ የተሰጠው ፈተናም ከቀድሞው አልተለወጠም፤ «ሰላም ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ አራት ምርጫ ይሰጣል። ፈንካቹ ልጅ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ የምንጩን ወረፋ ያስረዳችው ልጅ ግን አማካይ ውጤት አመጣች።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ

ክረምቱ ሳያልቅ በክልሉ የትጥቅ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በቀጠሉት ጊዜያት በጎጃም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ተቆራረጡ፤ ይህም ትምህርት ቤት አልተረፈም። ከዚህ መጠን ያለው ግጭት ጋር የአንድ ክፍልን ሥራ ማነጻጸር ተገቢ አይደለም፤ ልጆች ሸንጎ ስለ ተቀመጡ ጦርነት አይቆምም፤ ጦርነትም መጣ ተብሎ የክፍሉ ሥራ ከንቱ ነበር አይባልም። ልዩነቱን ለዕጩ መምህራን ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሰላም ትምህርት ልጁ ሊነካው በሚችለው ጠብ ላይ ይሠራል። ሊነካው የማይችለውን ሸክም በልጁ ትከሻ ላይ መጫን፣ ማለትም «እናንተ ናችሁ የነገ ሰላም» እያሉ አዋቂው ያጠፋውን እንዲያርም መጠየቅ፣ ግፍ ነው።

ትምህርት ዳግም በተጀመረባቸው ጊዜያት መምህርቷ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ ነበር። የተካት መምህር የጀሪካኑን ልኬት ለአካባቢ ሳይንስ ስለሚመቸው ይዞታል፤ ሸንጎውን በሳምንት አንድ ጊዜ ያስቀምጣል፤ የዓባይን ክፍለ ጊዜ ግን ጊዜው አይደለም ብሎ ትቶታል። ኮሌጃችን ለዕጩ መምህራን በሚያዘጋጀው የልምምድ ቅጽ ላይ፣ ስለ ሰላም ከማስተማራቸው በፊት በትምህርት ቤቱ አካባቢ ያለውን አንድ ጠብ፣ በማን መካከል እንደሆነ፣ ልጆቹ በምን እንደ ገቡበትና በምን ሊለካ እንደሚችል የሚመዘግቡበት ገጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቤ፣ ገጹ ተጨምሯል። ፈተናውን የመለወጡ ጉዳይ በኮሌጁ እጅ ስላልሆነ እንዳለ ነው።